የመኪና ላይ ቡና ቤቴ የመብራት ገመድ ስፒና ቀለጠ፤ ቆርጬ ልቀጥለው ወይስ ሙሉ ልቀይር?

የምንቆረር ጀበና (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። አሮጌ ሚኒባስ ወንበሩን አስወልቄ፣ አንድ ጎኑን በመስኮት መልክ አስከፍቼ ቡና፣ ሻይ፣ ሳምቡሳና ድንች ጥብስ እሸጥበታለሁ። አዘቦት ቀን የምቆመው ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ለጥምቀት ባሕር ዳር፣ ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ይዤው እወርዳለሁ። መብራት የምወስደው ከአጠገቤ ካለ ሱቅ ነው፤ ሒሳቡን እንካፈላለን። ገመዱ ባለ ሦስት ሽቦ ጥቁር ጎማ ሲሆን ጫፉ ላይ ያለው ተራው ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና ነው።

ሰሞኑን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሱቁ ገብቼ ስፒናውን ብነካው እጅ አያስቀምጥም። ብሬከር አጥፍቼ ስነቅለው አንደኛው እግር ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል፤ ፕላስቲኩ ለስልሶ እግሩ ወደ ጎን ተጣሟል። ሌላኛው እግር ግን ምንም አልሆነም። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም በዚያው በኩል ጠቁሯል። የሚገርመው ብሬከሩ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አያውቅም።

ሠፈር ውስጥ ያለ ሠራተኛ "ስፒናውን ቆርጠን ጥለን፣ ስፒና ያለው አጭር ገመድ አምጥተን ጠምዝዘን በናስትሮ እንጠቀልለዋለን" አለኝ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሶኬት ደግሞ "ጠቆር አለ እንጂ ይሠራል" ይላል። እኔ አላመንኩትም። ምን ትላላችሁ?

ቡሬ ማዞሪያ

ወንድሜ ምን አስጨነቀህ፣ ጠምዝዘህ ጠቅልለው። እኛ ብየዳ ቤት ያለው ገመድ እኮ ሦስት ቦታ ተቀጥሏል፣ ይኸው ይሠራል። ዋናው ናስትሮው ጥሩ ይሁን።

ሞርሴቶ (ባሕር ዳር)

ቡሬ ማዞሪያ፣ ብየዳ ማሽን ለጥቂት ጊዜ ይስብና ያርፋል፤ ይሄ ልጅ ውሃና ዘይት ቀኑን ሙሉ ያሞቃል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ደግሞም የእናንተ ገመድ ይሠራል ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እስቲ ዛሬ እየበየዳችሁ ቅጥሎቹን በእጅህ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋቸው።

የምንቆረር ጀበና፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ንገረኝ። ዕቃዎቹ ጀርባ ላይ ስንት ዋት ይላል? የሱቁ ብሬከር ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? ገመዱ ጎማ ላይስ የታተመ ነገር አለ?

የምንቆረር ጀበና

ጋሼ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። የድንች መጥበሻው 2500 ዋት፣ የውሃ ማፍያው 2000፣ ትንሿ ፍሪጅ 150 ነው፤ ሦስት አምፖል አለ። ብሬከሩ ላይ "ሲ 32" ይላል። ገመዱ ላይ 3 በ 1.5 የሚል ጽሑፍ አለ። ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው፣ ትርፉን ጠቅልዬ መኪናው ሥር አኖረዋለሁ።

ሞርሴቶ

ወይ ጉድ። እንግዲህ ወንድሜ፣ ስፒናህ ውለታ ነው የዋለልህ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሁሉም ሲበራ 4700 ዋት አካባቢ ነው። በ 220 ቮልት ብታካፍለው ከ 21 አምፔር በላይ ይመጣል። ይህ ክብ እግር ስፒና፣ ጥሩ የተባለው ሳይቀር፣ የተሠራው ለ 16 አምፔር ነው፤ 3500 ዋት ማለት ነው። እሱም ቢሆን ለአጭር ጊዜ እንጂ ከጠዋት እስከ ማታ 16 ይሸከማል ብለህ አትመን። በገበያ ያሉት ቀላል ስፒናዎች ላይ ብታነብ ደግሞ 10 አምፔር የሚል ታገኛለህ።

ለምን አንዱ እግር ብቻ ተቃጠለ? በሁለቱም እግር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እኩል ነው። ስለዚህ ጭነቱ ብቻ ቢሆን ሁለቱም በተመሳሳይ ይሞቁ ነበር። አንዱ ብቻ ሲበላ በዚያ እግር ላይ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። የላላ ግንኙነት ትንሽ ተቃውሞ ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ደግሞ የአምፔሩ ካሬ በተቃውሞው ተባዝቶ ነው የሚመጣው። 21 ሲባዛ በ 21፣ 441፤ ተቃውሞው አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢሆን 44 ዋት። የእርሳስ መበየጃ ብረት አፍህ ውስጥ እንደ መያዝ ነው፤ ፕላስቲክ ምን ያድርግ?

አሁን ስፒናውን ፈተህ እይ። ቃጠሎው የበረታው ሽቦው በብሎን በሚታሰርበት በኩል ከሆነ ጥፋቱ የስፒናው ነው፤ ብሎኑ ልል ነበር። የበረታው እግሩ ጫፍ ላይ፣ ማለትም ወደ ግድግዳው በሚገባው በኩል ከሆነ ግን የሶኬቱ መያዣ ምላስ ተከፍቷል። የጻፍከውን ሳየው ሁለተኛው ይመስለኛል። ሶኬቱን ትተህ ስፒና ብቻ ብትቀይር አዲሱ ስፒና ከወር በኋላ የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል። አንዴ የሞቀ ምላስ ጉልበቱን አይመልስም፤ ጠቆር ቢልም ይሠራል ያለህን ሰው አትስማው። የተቃጠለ ወንድና ሴት፣ ስፒናና ሶኬት ማለቴ ነው፣ አብረው ነው የሚጣሉት።

ብሬከሩ ለምን አልወረደም ላልከው፤ ብሬከር የሚያየው የሚያልፈውን አምፔር ነው፣ የላላ ብሎን አይታየውም። 32 ነው፣ አንተ 21 ትወስዳለህ፤ ምን አግብቶት ይወርዳል። እኔን የሚያስፈራኝም ይሄው ነው። ያ ሶኬት ጀርባው ያለው ሽቦ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ 32 ብሬከር በዝቶበታል። የአንተ 1.5 ገመድማ ጨርሶ የዚህ ብሬከር ባልንጀራ አይደለም። 30 ሜትር ደርሶ መልስ 60 ሜትር ነው፤ የ 1.5 ሽቦ ተቃውሞ 0.8 ኦም ይሆናል። 21 አምፔር ሲያልፍበት 17 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ገመዱ ራሱ ከ 350 ዋት ያላነሰ ይሞቃል። ያንን ነው ጠቅልለህ መኪና ሥር የምታስቀምጠው። ስፒናው ቀድሞ ባይቀልጥ ኖሮ የሚቀልጠው ጥቅልሉ ነበር።

ቡሬ ማዞሪያ

ጋሼ ሞርሴቶ፣ በ 17 ቮልት ማነስማ ምን ይጎዳል? እኛ ጋ እኮ ምሽት ላይ ራሱ 190 ይወርዳል።

ሞርሴቶ

ለውሃ ማፍያና ለመጥበሻ ብዙ አይጎዳም፣ ይዘገያል እንጂ። ቮልት ሲቀንስባቸው የሚወስዱትም አምፔር ይቀንሳል። ፍሪጅ ግን ሞተር ነው፤ ቮልት ሲያንሰው ለመነሣት ይቸገርና አብዝቶ ይስባል፣ ይሞቃል። ከ 190 ላይ ሌላ 17 ስትቀንስበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ጎጃሜው በኮሎራዶ

ይህንን ክር ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ያለንበት አገር የሚበዛው ወሬም ይሄው ነው። ሰዎች ቤት መሳይ ተጎታች መኪና አላቸው፤ ውስጡ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ አየር ማቀዝቀዣ አለ። ማረፊያ ቦታ ሲደርሱ ከአንድ ምሰሶ ላይ መብራት ይወስዳሉ። በጋ ላይ ማቀዝቀዣው ቀን ሙሉ ሲሠራ ስፒናው ይቀልጣል፣ የሚቀልጠውም ልክ እንዳልከው አንድ እግሩ ነው። ምሰሶው ላይ ያለውን ሶኬት በየቀኑ ሌላ ሰው ስለሚሰካበትና ስለሚነቅልበት ምላሱ ይላላል።

የእነሱ ስፒና 30 አምፔር ነው፣ ግን በ 120 ቮልት። ስለዚህ ኃይሉ 3600 ዋት ነው፤ ከእናንተ 16 አምፔር ብዙም አይርቅም። ሽቦው ደግሞ እነሱ 10 ቁጥር የሚሉት፣ በእኛ አለካክ ከ 5 ካሬ ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። መቀየሪያ ጭንቅላት በየሱቁ ይሸጣል፤ ቆርጠው ያስሩታል እንጂ ጠምዝዞ በናስትሮ የሚያስር አላየሁም። አንድ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ ምሰሶው ላይ ያለውን ብሬከር ሳያጠፉ አይሰኩም፣ አይነቅሉም። ጭነት ላይ እያለ ስትነቅል የሚፈነጥቀው ብልጭታ እግሩን ይበላዋል፤ የተበላ እግር ደግሞ ይሞቃል።

ጣና ዳር

ጎጃሜው በኮሎራዶ፣ እግዚአብሔር ነው ያመጣህ። አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ እንዲህ ያለውን ተጎታች በኮንቴነር ልኮልን ባሕር ዳር ቆሟል። ስፒናው ትልቅ፣ ሦስት እግር ያለው፣ ሁለቱ ጠፍጣፋ ሆነው ያዘመሙ፣ አንዱ ክብ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው "ይህን ቆርጠን የእኛን አገር ስፒና እናስርበት፣ ያኔ በቃ ይሠራል" ብሏል። እንቁረጠው?

ጎጃሜው በኮሎራዶ

እንዳትነኩት! ያ 120 ቮልት ነው። 220 ስትሰዱበት ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ማይክሮዌቩ፣ ባትሪ መሙያው፣ ፍሪጁ፣ በአንድ ደቂቃ ይነዳል። እዚሁ አሜሪካም የሚደርስ ነገር ነው። ያ ስፒና የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ይመስላልና ልምድ ያለው ሠራተኛ ሳይቀር 240 አስሮለት ተጎታቹን ያጨሰበት ብዙ ነው።

በዚያ ላይ ቀለሙ ያሳስታል። በአሜሪካ ሽቦ ጥቁሩ ፌዝ (መብራቱን የሚያመጣው)፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴው ኧርዝ (ያመለጠውን ወደ መሬት የሚወስደው) ነው። በድሮ እንግሊዝ ሥራ ጥቁር ኒውትራል ነበር። በአሁኑ የአውሮፓ ቀለም ደግሞ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል ነው። ጥቁሩን በለመደው ዓይን አይቶ ኒውትራል ነው የሚል ሠራተኛ ገልብጦ ያስረዋል።

ሞርሴቶ

ልክ ነው። ጣና ዳር፣ በሩ አጠገብ ወይም ብሬከር ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ፈልግና 120 ይላል ወይ እይ። ካለ የሚያስፈልገው ከ 220 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ ሙሉ ጭነቱን እንዲችል ከ 4 ኪሎ ቮልት አምፔር አያንስ። የመጀመሪያው ስፒና ሳይቆረጥ ለእሱ የሚሆን ሴት ሶኬት ከትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ ይታሠራል፣ መውጫው ላይ 30 አምፔር ብሬከር ይኖረዋል። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀንሳል እንጂ የአሜሪካን 60 ኸርዝ አያመጣም፤ እኛ ጋ 50 ነው። አምፖልና ምድጃ ግድ የላቸውም፣ አየር ማቀዝቀዣው ግን ሞተሩ ዝግ ብሎ ስለሚዞር ይሞቃልና እሱን አታብሩት።

አሁን ወደ ደብረ ማርቆሱ ልጅ ልመለስ። ያለህ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሁሉንም ማሳደግ ነው፤ 3 በ 4 ኬብል፣ በሁለቱም ጫፍ ሰማያዊውን ባለ 32 አምፔር የኢንዱስትሪ ስፒና፣ ከሱቁ ቆጣሪ ሳጥን ለብቻው የወጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመር ከ 25 ብሬከር ጋር። ያኔ 30 ሜትሩ ላይ የሚጠፋብህ 6 ቮልት ብቻ ነው። የሱቁ ባለቤት ግን ግድግዳዬን ለምን ትበሳለህ ሊልህ ይችላል።

ሁለተኛው መጥበሻውን ወደ ጋዝ ማዞር ነው። 2200 ዋት ይቀርሃል፣ 10 አምፔር። ያኔ 3 በ 2.5 ኬብል፣ ሰማያዊው ባለ 16 አምፔር፣ 16 ብሬከር ይበቃሃል። እኔን ብትጠይቀኝ ይሄኛው ነው። እንጅባራ ሄደህ 21 አምፔር በደህና የሚሰጥህ ሱቅ ከየት ታመጣለህ? ጋዙን ስታስገባ ሲሊንደሩ ከመኪናው ውጭ ይቀመጥ፣ ከታች በኩል የአየር መውጫ ቀዳዳ ይኑር፤ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው።

የምንቆረር ጀበና

ሰማያዊው የሚሉት ግንባታ ላይ የማየው ክዳን ያለው ወፍራሙ ነው? እሱንስ እንጅባራ ብወስደው የት ልሰካው?

ሞርሴቶ

እሱው። ሰማያዊ ማለት ከ 200 እስከ 250 ቮልት ነው፣ ቀዩ የሦስት ፌዝ ነው፤ ሻጩ ቢሳሳት አንተ አትሳሳት። ሦስት እግር አለው፤ ኧርዙ ከሁለቱ ወፈር ያለ ስለሆነ ገልብጠህ ልትሰካው አትችልም። ክዳኑ ዝናብ ይመልሳል፣ ሲሰካም በክዳኑ ጥርስ ስለሚያዝ ሰው እግሩ ቢጠልፈው ቶሎ አይነቀልም። አውሮፓ ውስጥ ተጎታች ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙት ይህንን ባለ 16 ነው።

ለጉዞ አንድ ክንድ የምትሆን መሸጋገሪያ ሥራ፤ በአንድ በኩል ሰማያዊ ሴት፣ በሌላው ተራው ክብ እግር ስፒና፣ ኧርዝ ያለው። በእሷ ስትሠራ ግን ከ 10 አምፔር እንዳታልፍ፤ ደካማው ቦታ ሁልጊዜ ተራው ስፒና ነው። ከሰካህ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጅህ ጀርባ ንካው። ለብ ቢል ደህና ነው፤ እጅህን ካስነሣህ ሌላ ሶኬት ጠይቅ።

የፍኖተ ሰላሟ

ጋሼ ሞርሴቶ፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። የእኔ ደግሞ ምጣድ ነው። እንጀራ በጋገርኩ ቁጥር ስፒናው ይግላል፣ ሁለቴ አስቀይሬዋለሁ። ጀርባው ላይ 3500 ይላል። እኔም ሰማያዊውን ላስገባ?

ሞርሴቶ

እትዬ፣ ምንም ይቅርታ አያስፈልግም። 3500 ዋት ማለት ወደ 16 አምፔር ነው፤ ምጣዱ ስፒናውን የመጨረሻ አቅሙ ላይ አድርሶ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆየዋል። ቢቀየር ቢቀየር ያው ነው። ምጣዱ ከቦታው የማይነሣ ከሆነ ስፒናውን አስጥለው ከቆጣሪ ሳጥኑ ለብቻው የመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመር ይግባለት፣ በራሱ 20 ብሬከር። የምጣዱ ገመድ ግድግዳው ላይ በጥሩ ማሰሪያ ይታሰር። ማጥፊያውም ማብሪያውም ብሬከሩ ይሆናል። የሚነሣ ከሆነ ሰማያዊው ባለ 32 ይሻላል። ማከፋፈያ ላይ ግን በጭራሽ እንዳይሰካ። ምጣድን ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ የሚሰካ ቤት ሳይ እኔ ቡናውንም ሳልጠጣ እወጣለሁ።

የፍኖተ ሰላሟ

እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴን አሁኑኑ አስነብበዋለሁ።

ዳሞት

አንድ ጥያቄ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሬን በሁለቱም ጫፍ ስፒና ባለው ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ፣ ቤቱ ሁሉ ይበራል። ይሄ ችግር አለው እንዴ?

ሞርሴቶ

አለው፣ ዛሬ ቆርጠህ ጣለው። አንዱ ጫፍ ሲነቀል በሰው እጅ ላይ ያለው ራቁቱን የቆመ 220 ነው። ዋናው ብሬከር ሳይጠፋ ከተረሳም መብራቱ ወደ መንገድ መስመር ይወጣል፤ ምሰሶ ላይ "ጠፍቷል" ብሎ የሚሠራ ሰው አለ። ጄኔሬተር በመቀያየሪያ ማብሪያ ነው የሚገባው።

የምንቆረር ጀበና

ጋሼ፣ ስፒናውን ፈታሁት። እንዳሉት ብሎኑ ጠብቋል፣ የተቃጠለው እግሩ ጫፍ ላይ ነው። ሌላ ነገር ደግሞ አገኘሁ። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ስፒናው ውስጥ የትም አልታሠረም፣ ተቆርጦ ወደ ኋላ ታጥፏል። አሁን ነው የገባኝ፤ ክረምት ላይ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ደንበኞች የመኪናውን በር ሲነኩ "ውርር አደረገኝ" ይሉኝ ነበር። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የማየው።

ሞርሴቶ

ይሄ ከቀለጠው ስፒና ይበልጣል። ኧርዙ እስኪታሠር ድረስ መኪናው ላይ መብራት አትስደድ።

ሚኒባስህ አራት ጎማ ላይ ነው የቆመው፤ ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከማፍያው ወይም ከፍሪጁ ትንሽ የሚያመልጥ ነገር ሲኖር መኪናው ቆርቆሮው ሁሉ መብራት ይዞ ይቆማል፣ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ የለውም። አንተ ውስጥ ሆነህ አይሰማህም፣ ከቆርቆሮው ጋር አብረህ ከፍ ብለሃልና። ጭቃ ላይ ቆሞ በሩን የሚይዘው ደንበኛ ነው መንገድ የሚሆነው። ዛሬ ውርር ያደረገው አንድ ቀን ሽቦው ሙሉ በሙሉ ቢነካ ይገድላል።

ስለዚህ ኧርዙ ከስፒናው ተነሥቶ እስከ መኪናው ቆርቆሮ፣ እስከ ማፍያውና እስከ ፍሪጁ አካል በብሎን ይታሰር። የመኪናው ቀለም ተፍቆ ብረቱ ላይ ነው፣ ቀለም ላይ አይደለም። ከዚያ የሱቁ ሶኬት ራሱ ኧርዝ እንዳለው አረጋግጥ። ብዙ ቤት ከውጭ የኧርዝ ምላስ ይታያል፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። በመልቲሜትር ፌዝና ኒውትራል 220 ካለ፣ ፌዝና ኧርዝም ወደዚያው ከተጠጋ፣ ኒውትራልና ኧርዝ ደግሞ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ፌዝና ኧርዝ ላይ የሚዋዥቅ እንግዳ ቁጥር ካየህ ባዶ ነው።

መኪናው ውስጥ መግቢያው ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ሕይወት አዳኝ ብሬከር አስገባ፣ መፈተሻ ቁልፍ ያለውን። በፌዝ የወጣው በኒውትራል እኩል ካልተመለሰ ይቆርጣል። ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ይሁን፤ በመሸጋገሪያዋ ስትሰካ ያ ክብ እግር ስፒና ተገልብጦ ሊገባ ይችላልና ፌዙ በየትኛው እንደሚመጣ አታውቅም።

አስተሳሰሩንም ልጻፍልህ፣ ራስህ ባትሠራው እንኳ ሠራተኛው ሲሠራ ታያለህ። ብሬከር ጠፍቶ፣ ስፒና ተነቅሎ ነው የሚጀመረው። የስፒናውን ክዳንና ቀለበት አስቀድመህ ገመዱ ላይ አስገባ፤ ይህን ረስቶ ሁሉን አስሮ ከጨረሰ በኋላ የሚፈታ ስንት አለ መሰለህ። የውጭውን ጎማ ስትልጥ ቢላው የውስጦቹን ሽፋን እንዳይነካ። ቢጫና አረንጓዴውን ከሁለቱ ትንሽ አስረዝመው፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው ኧርዙ መሆን አለበት። መዳቡ ቀይ ሆኖ የሚያበራ ይሁን፤ አሮጌ ገመድ ላይ የምትሠራ ከሆነ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካየኸው ወደ ኋላ እየቆረጥክ ሂድ፣ አትሳሳለት።

ጫፉን በእርሳስ የሚነክሩ አሉ። ሲያዩት ያምራል፣ ግን እርሳስ ብሎን ሲጫነው ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑም ልል ሆኖ ይቀራል። በዚያ ፈንታ ቱቦ የመሰለችውን ትንሿን ካፖኮርዳ አልብሰህ በመጭመቂያዋ ጨምቃት፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቀው። አንድ በአንድ ያዝና ሳብ አድርግ፤ የሚመጣ ካለ አልታሠረም። የገመዱ መያዣ መጨበጥ ያለበት የውጭውን ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ ስፒና ውስጥ የማየው ግን መያዣው ውስጦቹን ቀጫጭን ሽቦዎች ሲያንቅ ነው።

ስትጨርስ የመኪናውን ዋና ብሬከር አጥፍተህ፣ ገመዱ ከየትም ሳይሰካ በመልቲሜትር ፈትሽ። እያንዳንዱ እግር ከራሱ ጫፍ ጋር ይጩህ፣ እግር ከእግር ጋር ግን ዝም ይበል።

ቡሬ ማዞሪያ

ጋሼ፣ ገመዶቻችንን ዳሰስኩ። ሁለቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ቅጥል ግን እጄን ለበለበኝ። ናስትሮውን ስፈታው ውስጡ ከሰል ነው። አለቃዬ አሁን እየተቆጣኝ ነው፣ ሥራ አስፈታኸኝ እያለ።

ሞርሴቶ

አለቃህን ከሰሉን አሳየው። ከዚያ ቅጥል የሌለው ሙሉ ገመድ ይግዛ።

የምንቆረር ጀበና

ጋሼና ወንድሞቼ፣ ሥራው ተጠናቋል። መጥበሻውን ወደ ጋዝ አዞርኩ። አዲስ 3 በ 2.5 ገመድ ገዛሁ፤ ሰማያዊውን ባለ 16 እዚሁ ማርቆስ አላገኘሁም፣ ከባሕር ዳር በሹፌር አስመጣሁት። የሱቁ ባለቤት መጀመሪያ "ለቡና መሸጫ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል" ብሎ ነበር። የድሮውን ሶኬት ከግድግዳው ስናወጣው ጀርባው ላይ ያለው ሽቦ ሽፋኑ ደርቆ በእጅ ሲነካ ይረግፋል፤ ያኔ ራሱ "ይሄንን 32 ብሬከር አውርዱልኝ" አለ። ሽቦው ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ ብሬከሩ 16 ሆኗል። ኧርዝ ከጀርባው አልነበረም፣ አሁን ከቆጣሪው ሳጥን ተስቦ ገብቷል፣ ፌዝና ኧርዝ 218 ያሳያል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሕይወት አዳኙ ብሬከር ማፍያውን ስከፍተው አልፎ አልፎ ይወርዳል። ብሬከሩ ነው የተበላሸው?

ሞርሴቶ

ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ደንበኞችህን ውርር ያደረገውን አገኘኸው፤ የማፍያው ማሞቂያ ውስጥ ውሃ ገብቶ ወደ አካሉ ያፈሳል። ማፍያውን ነቅለህ ሌላውን ሁሉ አብራ፤ ካልወረደ ጥፋቱ የእሱ ነው። ማሞቂያውን አስቀይር፣ ብሬከሩን እንዳታልፈው።

ጣና ዳር

እኛም አነበብን። የተጎታቹ ወረቀት 120 ይላል። ሠራተኛው ፒንሳውን ይዞ መጥቶ ነበር፣ መልሰን ሸኘነው። ትራንስፎርመሩን የት እንደምናገኝ የምታውቁ በዚሁ ጻፉልን።